ሣር የማያሳልፈው በር

«እማዬ፣ ላሟ ማንን ነው ያኮረፈችው?»

ይህን የጠየቀችው ትንሿ ቤዛ ናት። ኩፍኝ ጥሏት ከርሞ ገና ቀና ማለቷ ነበር፤ ከፊቷ የተረፈው ዓይን ብቻ ነው። ሽሮ ሲሰጧት ትመልሰዋለች፣ አጥሚት ሲሰጧት ትመልሰዋለች፤ ሆዷ የሚቀበለው ወተት ብቻ ሆነ። የዚያን ዕለት ጠዋት እናቷ ዘርትሁን ከጎረቤት ባዶ ጣሳ ይዛ ተመለሰችና «ዛሬም ላሟ እምቢ አለች» አለቻት። ልጅ ናት፤ እምቢ የሚለው ያኮረፈ ብቻ መሰላት።

ዘርትሁን ጣሳውን አስቀመጠች። የልጇን ግንባር ዳሰሰች፣ ጋቢውን እስከ አገጯ ሳበችላት፣ ታላቅ እኅቷን አጠገቧ አስቀመጠች። ግድግዳው ላይ ወዳለችው የእመቤታችን ሥዕል ቀና ብላ «አንቺ ጠብቂልኝ» አለችና ጣሳዋን ይዛ መልሳ ወጣች። እንግዲህ የደከመው ይቀመጥ፣ ያልደከመው ይከተላት። ነገሩ ከአንዲት ጣሳ ወተት እንደሚጀምር እንጂ የት እንደሚያደርስ እሷም አላወቀችም።

መጀመሪያ የሄደችው እትዬ አጸደ ዘንድ ነው፤ የላሟ ባለቤት እሳቸው ናቸው። ላሟ በረት ውስጥ ቆማ ባዶውን ግርግም ትልሳለች።

«እትዬ አጸደ፣ ላሟ ለምን ወተት ነሳችን? ልጄ እኮ ወተት፣ ወተት ትላለች።»

«እኔን ከምትጠይቂኝ ጎኗን አይተሽ አትፈርጂም?» አሉ እትዬ አጸደ። «ጭዱ አለቀ። የፍራሼን ጭድ ሳይቀር አውጥቼ አበላኋት፤ ይኸው እኔ ጣውላ ላይ ነው የምተኛው። ሣር ካልመጣላት ከየት አምጥታ ትስጥሽ፣ ከቀንዷ?»

«ሣሩስ ለምን አይመጣም?»

«እሱን ሣሩን ጠይቂው።»

ዘርትሁን ጣሳዋን ይዛ ቁልቁል ወረደች። ሣሩ ላሟ ጋ አልደርስ አለ፤ ላሟ ወተት አልሰጥ አለች፤ ልጅቷም ወተት፣ ወተት ትላለች።

ላይ ሰፈር ጉብታ ላይ የተቀመጠ ሰፈር ነው፤ ጀርባው ገደል፣ ጎንና ጎኑ ገደል፣ መግቢያው አንድ። በዚያ መግቢያ ላይ አሁን የብረት በር ቆሟል። አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል፤ መካከሉ ላይ ዓይንና አፍንጫ የምታሳይ ቀዳዳ አለችው። በበጋ ሣር የሚገኘው ከታች ሰፈር ወንዝ ዳር ነው፤ እያጨደች የምታመጣውም የታች ሰፈሯ ጌጤነሽ ናት። ዘርትሁን በቀዳዳዋ አጮልቃ ስታይ ጌጤነሽ ከበሩ ውጭ ሸክሟ ላይ ተቀምጣለች።

«ጌጤነሽ፣ ምነው ጠፋሽብን? ላሟ እኮ ወተቷን ያዘች፤ ልጄም ወተት፣ ወተት ትላለች።»

«እኔ ጠፋሁ?» አለች ጌጤነሽ፤ ዓይኗን ቀዳዳዋ ላይ አመጣችው። «ይኸው በየጠዋቱ እመጣለሁ፣ ሣሩ ፀሐይ ላይ ሲጠወልግ ተሸክሜ እመለሳለሁ። አሁንማ ከሣሩ ይልቅ የጠወለግሁት እኔ ነኝ። ምነው፣ የእኔ ሣር ጥርስ አውጥቶ ነከሳችሁ?»

«ኧረ እኔ ምን አውቄ ...»

«እናንተ ላይ ሰፈሮች እኮ ትገርማላችሁ! እጃችሁን አንሥታችሁ በር አስቆማችሁ፤ አሁን በሩ ላይ መጥታችሁ ‹ሣሩ የት ሄደ› ትሉኛላችሁ። እኔማ እጅሽን አንሺ ያለኝ የለም። እኔን ተይኝና በሩን ጠይቂው።»

«እጃችሁን» ያለችው ነገር ዘርትሁንን ወጋት፤ ግን ሰዓቱ የልጇ ነበርና አለፈችው። በሩ ሣሩን አላሳልፍ አለ፤ ሣሩ ላሟ ጋ አልደርስ አለ፤ ላሟ ወተት አልሰጥ አለች፤ ልጅቷም ወተት፣ ወተት ትላለች።

በሩ አፍ የለውም። የበሩ አፍ ዘበኛው ጋሼ ደምሌ ናቸው፤ ካፖርታቸውን ደርበው፣ ዱላቸውን ታቅፈው በርጩማቸው ላይ ተቀምጠዋል።

«ጋሼ ደምሌ፣ በሩን ይክፈቱልኝ። ሣር እኮ ነው፣ ሌባ አይደለም።»

«ዘርትሁን፣ እኔና አንቺ አንጣላም፤ ደንቡን ልንገርሽ» አሉ ጋሼ ደምሌ። «ደንቡ ‹ከታች ሰፈር የመጣ ነገር አይግባ› ይላል። ሣሩ ከታች ሰፈር ነው የመጣው? ነው። ነገር ነው? ነው። በቃ።»

«እኔ ወጥቼ ተሸክሜው ብገባስ? እኔ የላይ ሰፈር ሰው ነኝ።»

«አንቺ ትገቢያለሽ፤ ሣሩ ውጭ ይቀራል።»

«እሺ፣ ላሟ ራሷ ወርዳ ግጣ ብትመለስስ?»

ጋሼ ደምሌ አገጫቸውን ይዘው ጥቂት አሰቡ። «ስትመለስ ሆዷ ውስጥ ያለው ሣር ከየት የመጣ ይሆናል?»

ዘርትሁን ሳቋ መጣና መንገድ ላይ ቀረ። «ጋሼ ደምሌ፣ ለመሆኑ እርስዎም ለዚህ በር እጅዎን አንሥተው ነበር?»

«ለምን አላነሣ! ዘበኝነቱ ለእኔ ነው ሲሉኝ ሁለቱን እጄን ነበር ያነሣሁት። ግን አማቴ የታች ሰፈር ሴት መሆናቸውን ረስቼው ነበር። አንድ ቀን ልጃቸውን ሊጠይቁ መጡ፤ ደንብ ነው ብዬ መለስኋቸው። እዚሁ በር ላይ አገላብጠው ረግመውኝ ሄዱ። ይኸው ከዚያ ወዲህ ሚስቴ ምሳዬን መላክ ትታለች።» ወደ ሰፈሩ መንገድ ተስፋ ባለው ዓይን አዩ፤ የሚመጣ የለም። «እኔም ብድግ ብዬ ከፈትሁት ማለት አልችልም። አቶ ፈንታሁን ካላዘዙኝ አልከፍትም። እሳቸውን ጠይቂ።»

ፀሐዩ ከረረ። ዘርትሁን የወረደችውን ዳገት መልሳ ተያያዘችው። ዘበኛው በሩን አልከፍት አሉ፤ በሩ ሣሩን አላሳልፍ አለ፤ ሣሩ ላሟ ጋ አልደርስ አለ፤ ላሟ ወተት አልሰጥ አለች፤ ልጅቷም ወተት፣ ወተት ትላለች።

አቶ ፈንታሁን የሰፈሩ ኮሚቴ ሊቀመንበር ናቸው፤ በሩን አመጣለሁ ብለው የተመረጡ እሳቸው ናቸው። ዘርትሁን ስትደርስ ሳሎናቸው ውስጥ ባርኔጣ አድርገው ተቀምጠዋል። ቤት ውስጥ ባርኔጣ ምን ያደርጋል ብላ ገረማት፤ ግን መጠየቅ ነውር ነው። የመጣችበትን ባንድ ትንፋሽ ዘረገፈችው፤

«ጋሼ ፈንታሁን፣ ዘበኛው በሩን አልከፍት አሉ፤ በሩ ሣሩን አላሳልፍ አለ፤ ሣሩ ላሟ ጋ አልደርስ አለ፤ ላሟ ወተት አልሰጥ አለች፤ ልጄ ደግሞ ከኩፍኝ ተርፋ በረሀብ ልትሄድብኝ ነው። ወተት፣ ወተት ትላለች።»

አቶ ፈንታሁን ባርኔጣቸውን አወለቁ። ግማሽ ራሳቸው ተስተካክሏል፤ ግማሹ እንደ ጎፈር ቆሟል።

«ታያለሽ?» አሉ። «በሩ የተተከለ ዕለት ፀጉር አስተካካዩ ግማሹን አድርሶ ምላጭ ሊያመጣ ወደ ቤቱ ወረደ። ቤቱ ታች ሰፈር ነው። እስከ አሁን አልተመለሰም፤ ዘበኛው አላስገባ አለው።»

«ታዲያ እርስዎ አይወርዱም?»

«በዚህ ራስ ታች ሰፈር ልውረድ? ልጆቹ በፉጨት ይገድሉኛል!» ባርኔጣቸውን መልሰው ደፉት። «ዘርትሁን፣ የእኛ ቤት ሰው ስለሆንሽ ልንገርሽ። እኔ በር አመጣለሁ ስል በሩ ይመጣል ብዬ አልነበረም። የምርጫ ነገር ነው፤ አፌ ላይ መጣልኝ፣ ተናገርሁ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። አጨብጭቦ በቆመ ሰው ፊት ደግሞ ‹ቀልዴን ነው› አይባል።»

«እንግዲያው ዛሬ ይክፈቱታ!»

«በምን ሥልጣን? እኔን የመረጠኝ ሕዝብ፣ ደንቡን ያጸደቀው ሕዝብ። አንቺም እዚያ ነበርሽ፤ አላነሣሁም ትያለሽ? ሕዝቡ ክፈት ካላለኝ ዘበኛውን አላዝም። ሂጂና ሕዝቡን ጠይቂ።»

አላነሣሁም አላለችም። እንዴት ትላለች? የምርጫውን ቀን እንደ ትናንት ታስታውሰዋለች። በዕድሩ ግቢ ዕጩዎቹ ማን እጁን እንዳነሣ እንዳያዩና ቂም እንዳይያዝ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ቆመው ነበር፤ ልማዱ ነው። ለሕዝቡ የሚታየው ጀርባቸው ብቻ ነው። አንደኛው ዕጩ ዶሮ የሚሰርቀውን፣ ከገመድ ላይ ልብስ የሚያወርደውን ሌባ ተራ ገብተን እንጠብቅ ብሎ ነበር። ተራ መግባት ማን ይወዳል? አቶ ፈንታሁን ግን በር ነው ያሉት፤ በር ደግሞ ከማንም ምንም የሚጠይቅ አይመስልም። ዘርትሁን የሰማችው የበሩን ነገር እንኳ አልነበረም። የአቶ ፈንታሁንን ትከሻ ከኋላ ነበር የምታየው። ባሏ የሞተ ዕለት ቃሬዛውን የተሸከመ ትከሻ ነው። ይህን ትከሻ አይታ እጇን ብታስቀር ምን ትባላለች? ይሉኝታ እጇን ወደ ላይ ሳበው። ቀኑ አመሸ፣ ልጆቿ ብቻቸውን ናቸው፣ ደንቡ ሲነበብ ነጠላዋን እያጣፋች ነበር።

ይህን እያሰበች ወደ ዕድሩ ቤት ሄደች። ሊቀመንበሩ ዘበኛውን አላዝ አሉ፤ ዘበኛው በሩን አልከፍት አሉ፤ በሩ ሣሩን አላሳልፍ አለ፤ ሣሩ ላሟ ጋ አልደርስ አለ፤ ላሟ ወተት አልሰጥ አለች፤ ልጅቷም ወተት፣ ወተት ትላለች።

ሰንበት ነበርና ከቅዳሴ የተመለሰው ሰው በዕድሩ ቤት ጥላ ሥር ተሰብስቦ ያማል። የሚያማው በሩን ነው።

«ከሰል አጣን እኮ!»

«ከሰሉስ ይቅር፤ የልጄ ሚዜዎች ታች ሰፈር ናቸው፣ ሠርጉን በቀዳዳዋ ሊያዩት ነው?»

«እንዲህ ያለውን በር ማን ነው ያመጣብን?»

ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ። ያመጣው የለም።

ዘርትሁን ድካሙ አናቷ ላይ ወጥቶ ነበርና ነገሩን ከጅራቱ ጀመረችው። «ልጄ ወተት ትላለች ... ላሟ ... ሣሩ ደግሞ ...»

«ከራሱ ጀምሪልን፣ እትዬ ዘርትሁን!» አለ አንዱ።

ከራሱ ጀመረች። «ሊቀመንበሩ ዘበኛውን አላዝ አሉ፤ ዘበኛው በሩን አልከፍት አሉ፤ በሩ ሣሩን አላሳልፍ አለ፤ ሣሩ ላሟ ጋ አልደርስ አለ፤ ላሟ ወተት አልሰጥ አለች፤ ልጄም ወተት፣ ወተት ትላለች። ሊቀመንበሩ ሕዝቡ ይበለኝ ብለዋል። እባካችሁ፣ ክፈት በሏቸው።»

«እኔ እጄን ያነሣሁት ጎረቤቴ ስላነሣ ነው» አለ አንዱ፤ ማንም ሳይጠይቀው።

«እኔን ነው የምትለው?» አለ ጎረቤቱ። «እኔ እኮ ዝንብ እየተከላከልሁ ነበር!»

ሳቅ ሆነ። አንዲት ሴትዮ ግን አልሳቁም፤ ጉልበታቸውን እያሹ «እኔ በሩ ለእነሱ የሚዘጋ መስሎኝ ነበር» አሉ። «በእኛም ላይ እንደሚዘጋ ማን ነገረኝ?»

«እንግዲያ እንናገር!» አለች ዘርትሁን። «አሁን እንናገር፣ ሊቀመንበሩ ቤታቸው ናቸው።»

ሰው መሬት መሬት ማየት ጀመረ።

«ተይ እንጂ ዘርትሁን» አሉ ሴትዮዋ ቀስ ብለው። «አባባ ይርዳው መርቀውበታል እኮ። ደንቡ ተነበበ፣ እሳቸው መረቁ፣ እኛ እጃችንን ዘርግተን አሜን አልን። ሙሉ ሰፈር አሜን ያለውን አፍርሰን መቅሠፍት እንጥራ? እሳቸው ይፍቱት እንጂ እኛ አንናገርም።»

አሜን ለዘርትሁን ቀላል ቃል አይደለም። ልጇን ክርስትና ያስነሣችበት፣ ባሏን አፈር ያለበሰችበት ቃል ነው። እውነትም እሷም ብላለች። ደንቡን ሳትሰማ፣ እጇን እንደ ሰው ዘርግታ፣ ከሰው ጋር አሜን ብላለች።

አባባ ይርዳው የሰፈሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ምርቃታቸው ግን አልደከመም። ቤታቸው ከጉብታው ጫፍ ነው። ዘርትሁን እግሯ እየተጎተተ ደረሰች፤ እሳቸው ግድግዳቸውን ተደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ። ጉልበታቸውን ሳመች፤ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«ማነሽ አንቺ? ትንፋሽሽ ዳገት ዳገት ይላል።»

«ዘርትሁን ነኝ አባባ። ሕዝቡ አሜን ብለናል ብሎ አልናገር አለ፤ ሊቀመንበሩ ዘበኛውን አላዝ አሉ፤ ዘበኛው በሩን አልከፍት አሉ፤ በሩ ሣሩን አላሳልፍ አለ፤ ሣሩ ላሟ ጋ ...»

«አልደርስ አለ» አሉ አባባ ይርዳው፤ እንደ ልጅ ጥሟቸው።

«ላሟ ወተት ...»

«አልሰጥ አለች!»

«ልጄም ወተት፣ ወተት ትላለች» አለችና ዕንባዋ መጣ።

ሽማግሌው ሳቃቸውን ዋጡ። እጃቸውን ዳብሰው ራሷ ላይ አሳረፉት።

«አይዞሽ ልጄ። እኔ ያልሁትን ታስታውሻለሽ? ‹ክፉ አይግባባችሁ፣ በረከት አይውጣባችሁ› ነው ያልሁት። ሣር ክፉ ነው ብያለሁ?»

«አላሉም አባባ።»

«ምርቃት እንደ መጫኛ ነው። የታሰረውን ያጠብቃል እንጂ ጆንያው ውስጥ ምን እንዳለ አያውቅም። እናንተ ሞልታችሁ፣ ሰፍታችሁ አመጣችሁልኝ፤ እኔ አጠበቅሁላችሁ። አሁን ጆንያው ውስጥ የገዛ ልጃችሁ ጉሮሮ አለበት ብትሉኝ እኔ ምን ላድርግ?»

«ታዲያ ማን ይፍታው?»

«ማን እጁን አነሣ?»

ከሩቅ የላሟ እምቧታ ተሰማ። «እኔም አንሥቻለሁ» አለች ዘርትሁን።

«በየትኛው?»

«በቀኜ።»

«አሁንም ትከሻሽ ላይ ነው ያለው፣ ወይስ ፈንታሁን ይዞት ሄደ?»

ዘርትሁን ሳታስበው ቀኝ እጇን ዳሰሰች። አለ። ጣሳውን ይዞ ተቀምጧል።

«እንግዲያው የእኔን ደጅ ምን አስጠናሽ?» አሉ አባባ ይርዳው። «ሂጂ። ስለ ሣሩ እኔን ከጠየቁሽ ክፉ ነው አላልሁም በያቸው። የቀረውን እጅሽን ጠይቂው።»

ይህ ነው እንግዲህ የመንገዱ መጨረሻ። እጇ አልነሣ አለ፤ ሕዝቡ አሜን ብለናል ብሎ አልናገር አለ፤ ሊቀመንበሩ ዘበኛውን አላዝ አሉ፤ ዘበኛው በሩን አልከፍት አሉ፤ በሩ ሣሩን አላሳልፍ አለ፤ ሣሩ ላሟ ጋ አልደርስ አለ፤ ላሟ ወተት አልሰጥ አለች፤ ልጅቷም ወተት፣ ወተት ትላለች። ያን ሁሉ ደጅ ያንኳኳችበትም ይኸው እጇ ነበር።

ወደ ዕድሩ ቤት ስትመለስ ሰው አልተበተነም፤ ወሬው ከበሩ ወደ ሠርጉ ተሻግሯል። ዘርትሁን በሰው ፊት ተናግራ አታውቅም። እጇን ለብቻዋ ማንሣትማ እንዴት ይደረጋል? ሌላ እጅ ሲነሣ አይታ ነው የምታነሣው፤ መላ ሰፈሩም እንደዚያው ነው። «እመብርሃን፣ አታሳፍሪኝ» አለች በልቧ። መሐል ሜዳው ላይ ቆመች፤ ቀኝ እጇን አነሣች።

ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። እጇ ቆመ። ነጠላዋ ከትከሻዋ ተንሸራተተ፤ አላነሣችውም።

«ምን ሆነች?»

«ፀሐይ መትቷት ይሆናል።»

ይህን ጊዜ እትዬ አጸደ ላሟን ትተው፣ ወሬውን ሰምተው መጡ። ጎረቤታቸውን እጇን አንሥታ ብቻዋን ቆማ አዩዋት። ብቻዋን! በሰው ፊት! እትዬ አጸደ አልቻሉም፤ የራሳቸውን አነሡ። እሳቸው ካነሡ ዘንድ ሴትዮዋ ጉልበታቸውን ማሸት ትተው አነሡ። ሴትዮዋ ካነሡ ጎረቤቱን ያየው አነሣ፤ እሱ ሲያነሣ ዝንብ ሲከላከል የነበረውም አነሣ። ወዲያው ጥላው ሥር ሁሉ እጅ ብቻ ሆነ።

«ለምንድን ነው የምናነሣው?» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ።

«እኔ እንጃ። እትዬ ዘርትሁንን ብቻዋን ልትተዋት ነው?»

ዘርትሁን «በሩ በቀን ይከፈት፣ ሣሩ ይግባ፤ አባባ ይርዳው ሣር ክፉ ነው አላልሁም ብለዋል» አለች፤ ግን ድምፅዋ ከድካም የተነሣ አጠገቧ ካሉት አላለፈም። ከኋላ ያሉት ምኑንም አልሰሙ። እጃቸውን ግን አላወረዱም።

አቶ ፈንታሁን ግርግሩን ሰምተው በባርኔጣቸው መጡ። ያንን ሁሉ እጅ ሲያዩ ፊታቸው በራ። «ሕዝቡ ክፈት ካለ እኔ ማን ነኝ!» አሉና ቁልቁል ሮጡ፤ ሊቀመንበር ሲሮጥ ሰፈሩ ያን ቀን አየ።

ከዚያ በኋላማ ምን ይወራል? እጇ ሲነሣ ሕዝቡ ተነሣ፤ ሕዝቡ ሲነሣ ሊቀመንበሩ ዘበኛውን አዘዙ፤ ዘበኛው ሲታዘዙ በሩን ከፈቱ፤ በሩ ሲከፈት ሣሩ ገባ፤ ሣሩ ሲገባ ላሟ ጠገበች፤ ላሟ ስትጠግብ ወተት ሰጠች፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ልጅቷ ወተቷን ጠጣች። ከሣሩ ሸክም ኋላ ፀጉር አስተካካዩ በምላጩ ገባ፤ ከእሱም ኋላ የጋሼ ደምሌ አማት፣ እንዳኮረፉ፣ ዘበኛውን ሰላም ሳይሉ ገቡ።

ቤዛ ጣሳውን ከአፏ ስታወርደው ከንፈሯ ላይ ነጭ መስመር ቀረ። አልመለሰችውም።

«እማዬ፣ ላሟ ታረቀች?»

«ታረቀች ልጄ።»

«ማን አስታረቃት?»

«ሰፈሩ» አለች ዘርትሁን።

«ምን ብለው?»

ዘርትሁን ጋቢውን መልሳ እስከ አገጯ ሳበችላት። ምን ብለው እንደሆነ አብዛኞቹ አያውቁትም። ልጅቷ ጠግባ እንቅልፍ ወሰዳት፤ እናትየዋ ሥዕሉ ፊት ቆማ ለወተቱ አመሰገነች። ከምስጋናው በኋላ ግን ያ ሁሉ እጅ ዓይኗ ላይ ተደቀነ። በሩን ያመጣው እንዲህ ያለ እጅ ነበር፤ በሩን የከፈተውም ያው ነው።

በማግስቱ ጠዋት ቤዛን ወተቷን አጠጥታ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። መጀመሪያ የእትዬ አጸደን ደጅ መታች።

«ደግሞ ምን ጎደለ?» አሉ እትዬ አጸደ፤ ገና ከጣውላቸው መነሣታቸው ነው።

«ምንም አልጎደለም። እትዬ አጸደ፣ ትናንት እጅዎን ያነሡት ለምን እንደሆነ ልነግርዎ ነው የመጣሁት። በሩ በቀን ክፍት እንዲሆን ነው። ሣሩ ይገባል። ዶሮ የሚሰርቀውም ሊገባ ይችላል። እንግዲህ ወይ ዶሮዎን መሰብሰብ ነው፣ ወይ ተራ ገብተን መጠበቅ ነው።»

«ምን?» አሉ እትዬ አጸደ። «ወይ ጉድ! ይህን ማን ነገረኝ?»

«እኔ» አለች ዘርትሁን። «አሁን።»

ደኅና ይዋሉ ብላ ወጣችና የሚቀጥለውን ደጅ መታች።